ገና ያልደረሰው ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት

አታምኑኝም ይሆናል። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል...

ደግሞ በጨለማ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጀመረ። አብረውኝ የነበሩት ሰው ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚያ ቀን ስትጠይቋቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። መሥሪያ ቤቴ ከከተማው ዳር ወዳለ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ላከኝ። ፓምፖቹን የሚያዝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች እንኳን እርግፍ አድርገው ከተዉት አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እንዳይቀየር፣ ከፓምፖቹ ጋር የሚያገናኘው ካርድ ከዚያ ሲስተም ውጪ አይሠራም።

አዲሱ የፓምፕ ፕሮግራም ደግሞ አዲስ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ነው። አዲሱ ኮምፓይለር በአሮጌው ሲስተም ላይ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

መውጫው አንድ ብቻ ነው። በአሮጌው ኮምፓይለር ከእሱ ትንሽ የሚሻል ኮምፓይለር ይሠራል። በዚያ ደግሞ ሌላ የሚሻል። አራት ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ሰዓታት ይፈጃል።

ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉም ሰው "ጋሽ ሞተሩ" የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቆይተዋል። ፓምፕ ሲያስነጥስ "ይማርሽ" ይላሉ።

"ዛሬስ ወለደች ወይስ ገና ምጥ ላይ ናት?" አሉኝ፣ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው።

"ሦስተኛው ላይ ነን፣ ጋሼ። ቀስ በቀስ..."

"እንቁላሉማ በእግሩ ሄዶ ደርሷል። የቀረሽው አንቺ ነሽ!"

ሳቅን። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቃችን ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሥራው ቆመ። ኮምፓይለሩ ሲስተሙን ሰዓት የሚጠይቅበት አንድ ትእዛዝ ፈለገ። አሮጌው ሲስተም ያ ትእዛዝ የለውም። ራሴ ጻፍኩለት። አሥራ አምስት መስመር ብቻ። እንደገና አስነሳሁት... ሄደ።

ወዲያው አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ።

*ይህ ፋይል የተጻፈው ገና ባልደረሰ ሰዓት ነው።*

አልደነገጥኩም። የማሽን ሰዓት ሲዛባ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው። ማሽኑን አየሁት፣ ስምንት ከሠላሳ አንድ። የእጄን ሰዓት አየሁ፣ ስምንት ከሠላሳ አንድ።

ፋይሉ ግን ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት ይላል።

አጠፋሁት። እንደገና ሠራሁት። ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት።

ባዶ ፋይል ከፈትኩ። አንድ ፊደል ጻፍኩበት። ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት።

የጻፍኩትን አሥራ አምስት መስመር አወጣሁት። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት። አሁንም ያው...

የተዛባ ሰዓት ቢዛባም ይሄዳል። ይኼ ግን አይሄድም። ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል።

ለአለቃዬ ደወልኩ።

"የማሽኑ ሰዓት ባትሪ ደክሞ ነው። ማስጠንቀቂያ አይደል? እለፊው።"

አሥራ አምስቱን መስመር መልሼ ሥራውን አስቀጠልኩ። ግን እጄ አላርፍ አለ። በማሽኑ ውስጥ ምን ምን ፋይል ይህን ሰዓት እንደያዘ ፈለግኩ። እኔ ያልነካሁት አንድ ተገኘ። የጣቢያው መዝገብ። ማሽኑ በየደቂቃው የውሃውን ግፊትና ከፍታ የሚጽፍበት።

ከፈትኩት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስምንት ነበር።

መዝገቡ ዘጠኝ ከሃያ ስምንት ላይ አላቆመም።

ዘጠኝ ከሃያ ዘጠኝ... ዘጠኝ ከሠላሳ... ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ... ገና ላልመጡት ደቂቃዎች ሁሉ ግፊቱ ተጽፏል።

ግድግዳው ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ አየሁ። ጠቋሚው በእያንዳንዱ ደቂቃ መዝገቡ የጻፈው ቁጥር ላይ ቀስ ብሎ እየሄደ ይቆማል።

አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ *9፡36 — መብራት ተቋረጠ፣ ሦስት ሰከንድ።*

ጠበቅኩ።

ዘጠኝ ከሠላሳ ስድስት ላይ የጣሪያው ማራገቢያ ዝም አለ። አንድ... ሁለት... ሦስት... ተመልሶ ዞረ። መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ኮምፒውተር ብቻ ምንም አልሆነም።

ወደ መዝገቡ መጨረሻ ወረድኩ።

*9፡50 — ወደ ታች የወረዱ፦ ሁለት።*

*9፡52 — የታችኛው ክፍል ውሃ፦ ከልክ በላይ።*

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ልክ በዚያ ቅጽበት ጋሽ ሞተሩ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ገቡ።

"ተነሺ እንጂ! ታች ክፍል ያለችውን ትልቋን ፓምፕ ሳላሳይሽ ልትሄጂ ነው? ግራሶ ልቀባት ልወርድ ነው፣ አብረን እንውረድ።"



"ጋሼ... ዛሬ አይውረዱ።"

"ምነው?"

ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"የትናንት ነው" አሉ።

"ቀኑን ይዩት።"

አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወርጃለሁ። እሷ ካልተቀባች ነክሳ ትቆማለች። ግማሽ ከተማ ውሃ አጥቶ ይደር?"

ሊወጡ ዞር ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ። እንደ ሕፃን።

"እኔም አባት አለኝ፣ ጋሼ። እንደ እርስዎ ግትር ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ... በእናትዎ።"

እጅጌያቸውን የያዘውን እጄን አዩ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የታችኛው በር ቁልፍ መዳፋቸው ውስጥ ነበር።

ዘጠኝ ከአርባ ስምንት።

ዘጠኝ ከአርባ ዘጠኝ።

ከክፍላችን በስተኋላ ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ላይ ሰው የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ታች ሰው ካለ ትልቁ ፓምፕ እንዳይነሳ ነው የተገጠመው። ቁጥሩ ከፊታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ይታያል። ዜሮ ይላል።

ዘጠኝ ከሃምሳ።

ቀጭ...

አንድ።

ቀጭ...

ሁለት።

"ሌላ ሰው አለ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እኔና አንቺ ብቻ።"

"በሩ ተቆልፏል?"

መዳፋቸውን ዘርግተው ቁልፉን አሳዩኝ።

ከታች የብረት በር ሲከፈት ሰማን። ዝገቱ ሲጮህ። ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ጋሽ ሞተሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፅ ግን የለውም።

ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት።

መጀመሪያ ወለሉ ተነቃነቀ። ከዚያ ጆሮ የሚደፍን ፍንዳታ... ከዚያ የውሃ ጩኸት። ዋናው ቧንቧ ከታች ክፍል ውስጥ ፈንድቶ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ውሃ ሲገፋው ማንም ሊከፍተው አይችልም።

ጋሽ ሞተሩ ዋናውን ማቋረጫ ሮጠው ዘጉ። ተመልሰው ተቀመጡ።

"ልንሞት ነበር" አሉ። "አንቺ... አንቺ ልጅ..."

እኔ ቀዩን ቁጥር እያየሁ ነበር።

አሁንም ሁለት ይላል።

የጥገና ሰዎች መጡ። "ታች ሰው አለ?" ሲሉን ተያየን። ምን እንበል? ቁጥሩን አሳየናቸው። ቱቦ አስገብተው ውሃውን በጥድፊያ መጠጡ። ውሃው ስላጣመመው ቁልፉ አልከፍት ያለውን በር ሰብረው ገቡ። እያንዳንዱን ጥግ በእጅ ባትሪ አዩ።

ማንም የለም።

"ቆጣሪያችሁ ተበላሽቷል" አለ አለቃቸው። ቱቦአቸውን ሊጠቀልሉ ወደ መኪናቸው ወጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ በመስኮቱ ጠረጴዛዬ ላይ ታርፋለች። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ መሮጡን አቆመ። ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ሦስተኛውም አራተኛውም ደረጃ አልቋል። አንድም ስህተት የለበትም።

አዲሱ ኮምፓይለር ሠርቷል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መዝገቡ በራሱ አንድ መስመር ጨመረ።

*11፡38 — የወጡ፦ አንድ።*

ጋሽ ሞተሩ ፊታቸው ወደ ደረጃው ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ፊታቸው አመድ ሲሆን አየሁ።

*የወጡ፦ ሁለት።*

"ጋሼ... ምንድን—"

እጃቸው ትከሻዬን ጨመደደ።

"አትዙሪ" አሉኝ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። "ልጄ፣ በእናትሽ... አትዙሪ።"

*የወጡ፦ ሦስት።*

ሁለት ወርደው ሦስት...

አልዞርኩም። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ። ከኋላዬ የእርጥብ ልብስ ሽታ መጣ። ጋሽ ሞተሩ እግራቸውን ወደ ወንበራቸው ሰበሰቡ... ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ።

የውጪው በር ተከፈተ። ተዘጋ።

ተከፈተ። ተዘጋ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ...

ለመዘጋት ግን ቆየ። በጣም ቆየ።