ጠቋሚው ያልነካው ቁጥር

ታምሲን የኢንሱሊን መርፌዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ መጠኑን ግን አላስተካከለችም። ጣፋጩ በቀረበበት ሳህን አጠገብ በቆመው ካርድ ላይ፣ በጓደኛዋ በብራዮኒ ንጹሕ ጽሕፈት፣ «ኢተን መስ፦ ካርቦሃይድሬት በሳህን 8 ግራም» ይላል።

ታምሲን ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ስኳር በሽታ ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ምን ያህል ኢንሱሊን እንደምትወጋ የሚወስነው የምትበላው ካርቦሃይድሬት ስለሆነ ሳህን ሲቀርብላት ከጣዕሙ በፊት ድምሩን ታያለች።

እንጆሪው መቶ ግራም ቢሆን፣ ስድስት። የተመታው ክሬም፣ ሁለት። ስምንት ሞላ። ታዲያ በመሃል የተሰባበረው ሜሬንግስ? ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የተጋገረው ቅርፊት ማንኪያዋ ሲነካው ቀጭ አለ።

የጣፋጭ ውድድሩ የሚካሄድበትን የቤተ ክርስቲያን ድንኳን የሰኔ ዝናብ ይደበድበዋል። ስኳሩ አነስተኛ ለሆነው ጣፋጭ ሽልማት የሚሰጡት ሚስስ ሃርትኔል ሁለት ጠረጴዛ አልፈው ቆመዋል፤ ቀዩ ሪባን በእጃቸው ነው።

«ሜሬንጉን መዝነሽዋል?» አለች ታምሲን።

ብራዮኒ በአያቷ አሮጌ ሚዛን ላይ እንዳስቀመጠችው፣ ጠቋሚው ግን ንቅንቅ እንዳላለ ነገረቻት። «አየር እኮ ነው። ዛሬ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብኝ?»

ታምሲን ያንን ሚዛን ታውቀዋለች፤ ቀላል ነገር አይሰማውም። ስህተት ሊሆን ይችላል። ብራዮኒ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አብራት ምሳ ስትበላ ታምሲን የብስኩት መጠቅለያ ጀርባ ስታነብ አይታታለች። አሁን ግን ብራዮኒ የምታየው እሷን ሳይሆን ሪባኑን ነው።

«በየሳህኑ ስንት ጨመርሽ?»

«ሁለት።»

«ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጪስ?»

ብራዮኒ ሽርጧን አስተካከለች። «ትንሽ ተንቀሳቀሰ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ አንዱን ከሚዛኑ አነሳሁት፤ ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተመለሰ።»

ሁለት ሜሬንግ፣ ሃያ አራት ግራም ስኳር። ከስምንቱ ጋር ሠላሳ ሁለት። ታምሲን መርፌዋን ለሠላሳ ሁለት ግራም ካርቦሃይድሬት በሚበቃው መጠን አስተካከለች፤ ወግታ መብላት ትችላለች። ካርዱ ግን እዚያው ይቆማል፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያምነዋል።

ካርዱን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ ላይ አደረገች፤ እስክሪብቶ አኖረችበት።

የሚስስ ሃርትኔል ድምፅ ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ይሰማል።

«አንቺ ጻፊው» አለች ታምሲን። «ከዚያ አብረን እንበላለን።»

ማንኪያዋን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጣ ጠበቀች።