ለጨዋታ የሚሆን ላፕቶፕ

ልጅቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ አሠሪዋ እትዬ ግን «እሜት ለምን» ይሏታል፣ ሰፈሩም ተከትሎ ያንኑ አለ። ክር ሲበጠስ ለምን ተበጠሰ፣ ጨርቅ ታጥቦ ሲያጥር ለምን አጠረ፣ ሰው ሲስቅ ለምን ሳቀ፤ የማትጠይቀው ነገር የለም።

«ልጄ፣ አንዳንዱን ነገርማ ዝም ብለሽ እለፊው» ይሏታል እትዬ።

«ለምን?» ትላለች።

እንዲህ ያለች ልጅ አንድ ቀን መጠየቅ ያለባትን ሳትጠይቅ ቀረች። የምነግራችሁም የዚያን ቀን ጣጣ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ፀሐይ ናት። ገበያው ጥግ ያለው የኮምፒውተር ሱቅ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሰተት ብላ እየገባች የተደረደሩትን ላፕቶፖች ታግላቸዋለች። ሻጩ መጋረጃ አዘዘ። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ልትለካ ሄደች።

ሻጩ ረዘም ያለ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ወጣት ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘላት። እጇ መስኮቱን ይለካል፤ ዓይኗ ግን ከታች ካሉት ማሽኖች ላይ ነው።

«ይሄ ጥቁሩ ለምን እንዲህ ወፈረ?»

«የከባድ ጌም ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮሃል።»

«ይሄ ብርማው ቀጭኑስ ለምን ተወደደ?»

«እሱ ለቁመናው ነው።»

«ለቁመና ይከፈላል?»

«ጨርቅስ በክብደት ነው እንዴ የሚሸጡት?» ብሎ ሳቀ።

መልሱ ደስ አላት። የለካችውን ረስታ እንደገና ለካች።

የጨርቅ ናሙና ይዛ በተመለሰች ጊዜ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆኗል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከ«እርስዎ» እስከ «አንቺ» ያለው መንገድ አጭር ይመስላል እንጂ ስንቱ መሀል ላይ ቀርቷል!

ልጅቷ ታላቅ ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ጋሼ ማዕድን ወደሚወጣበት ሩቅ አገር ለሥራ ሄደ። ሲደውል «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ይባባሉና ዝም ይላሉ። የሆድን አውጥቶ መናገር ለሁለቱም አልፈጠረባቸውም። ልጆች ሳሉ ግን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ፊት ሲቀመጡ ወሬያቸው ማለቂያ አልነበረውም። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል። ስለዚህ ጋሼ «ላፕቶፕ ግዢና እሁድ እሁድ እንደ ድሮው እንጫወት» አላት።

እትዬ ይህን ሲሰሙ በሳቅ መርፌያቸውን ጣሉ። «ለአቅመ ሔዋን ደርሰሽ ጌም! ሰው እንዳይሰማሽ ብቻ!»

መጋረጃው የሚሰቀል ዕለት ሻጩ መሰላሉን ያዘላት። እሷ ከላይ ሆና ቀለበቱን ወደ ዘንጉ እያስገባች ነገሩን ጣል አደረገችው።

«ላፕቶፕ ልገዛ ነበር። የሚያምር፣ ደግሞ ኪስ የማይጎዳ።»

«ለምን የሚሆን?»

ጌም ማለቱ አሳፈራት። «ለጨዋታ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከማን ጋር?»

«ከጋሼ ጋር። ሩቅ አገር ነው ያለው። እሁድ እሁድ ልንጫወት ተቀጣጥረናል።»

መሰላሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ወደ ታች ስታይ የሻጩ ፈገግታ የለም፤ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ እንደወጣ ጨርቅ ሆኗል።

«እንግዲያው ካሜራው የጠራ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው የሚያስፈልግዎት» አላት። «ብርማውን ይውሰዱ። ለዕይታ ስለቆየ እቀንስልዎታለሁ።»

ለመኪና እሽቅድምድም ካሜራ ምን ይሠራል? ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ያቺ «ዎት» የምትለዋ ጭራ እንደ መርፌ ወጋቻትና ጥያቄው ጠፋባት። ብርማውን ገዝታ፣ መሰላሏን ተሸክማ፣ ዝም ብላ ወጣች።

እሁድ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ መኪናዋ በረረች። ጋሼ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከወዲያ «ኧረ ቀስ!» ይላል፣ እሷ ትስቃለች። ጥቂት ቆይቶ ግን ማሽኑ ጋለ፣ መኪናዋም መጎተት ጀመረች።

«ምነው? ጎማሽ ተነፈሰ እንዴ?»

እንደ ልብስ ገልብጣ ፈተሸችው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር መተንፈሻ የለውም! ከታችም ከጎንም ድፍን ነው።»

«ማን ሸጠልሽ?»

«የሚያውቅ ሰው ነው።»

«የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?»

ይህን ጥያቄ ይዛ ከረመች። ጥያቄው ግን ስለ ማሽኑ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዳሉ እትዬን «አንቺ ሲል የቆየ ሰው ለምን እርስዎ ይላል?» አለቻቸው።

እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ወዷል።»

«ከሦስቱ የቱ ነው?»

«እርስዎ ያለው እኔን ነው እንዴ? ሂጂና ጠይቂው!»

«የማልፈልገውን ቢመልስልኝስ?»

እትዬ መርፌያቸውን አስቀመጡ። ይህች ልጅ መልስ ስትፈራ አይተዋት አያውቁም። «ሳያውቁ መክረም ይሻላል ካልሽ ክረሚ» አሏት በቀስታ። «ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ አትችዪውም።»

አልቻለችም። ብርማውን በብብቷ ይዛ ሄደች። ሻጩ ሲያያት ብድግ አለ።

«ደህና ዋሉ? ችግር አለው እንዴ?»

«አለው። መኪና መንዳት አይችልም።»

«መኪና?»

«እሽቅድምድም። ለጨዋታ ነው አላልኩህም?»

ሻጩ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። «ጨዋታ ማለት… ጌም?»

«ታዲያ ምን?»

«እኔማ ወግ መስሎኝ! ሩቅ ካለ ሰው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ…»

«ከጋሼ ጋር?»

«አዎ፣ ከእሳቸው ጋር።»

«እሳቸው! ጋሼ እኮ ወንድሜ ነው፤ የእናቴ ልጅ!»

ሻጩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ወንድምሽ» አለ።

«ሽ» አለ። ሰማችው። ግን እንዲህ በቀላሉ ልትለቀው አልፈለገችም።

«ምን መስሎህ ነበር?»

«ጋሼ ስትዪ ጠና ያለ፣ ሀብታም፣ ሊያገባሽ የተዘጋጀ ሰው ነው የታየኝ። በሐሳቤ መኪናም ገዝቼለት ነበር።»

«መኪናስ አለው። ስክሪን ላይ።»

ሳቁ። መጋረጃው በነፋስ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተመልሶም ወጣ። ልትጠይቅ የመጣችውን ያኔ ጠየቀች።

«ወንድሜ ባይሆንስ፣ አንተን ምን አገባህ? ለምን እርስዎ አልከኝ?»

ሻጩ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየ ነው የመለሰላት። «አንቺ ስልሽ ሌላም ነገር አብሮ እየመጣ አስቸገረኝ። የሰው ከሆንሽ የት አደርገዋለሁ? እርስዎ ስል ራሴን የያዝኩ መሰለኝ።»

«ሌላው ነገር ምንድን ነው?»

«ላፕቶፑን እየመረጥን ልንገርሽ?»

«እሺ» አለች። ለዚህኛው «ለምን» አላለችም።

የዚያን ቀን ምርጫ ረጅም ነበር። ማሽኑን ሁሉ እያነሳች፣ ሆዱን እየገለበጠች፣ መተንፈሻውን በጣቷ እየዳሰሰች ጠየቀች፤ እሱም ሳይሰለች መለሰ። በመጨረሻ አንድ ሰማያዊ ላይ ቆሙ። አይወፍርም አይቀጥንም፤ ክዳኑ ሲመሽ እንዳለ ሰማይ ነው።

«ለከባድ ጌም አይሆንም» አላት። «ለቀላሉ ግን ይበቃሻል። ራሙ፣ ማለት ማኅደረ ትውስታው፣ ለሁለት ተከፍሎ ስለተገጠመ ምስሉ አይጎተትም።»

«ለሁለት ሲሆን ለምን ይሻላል?»

«በአንድ እጅ ከመሥራት በሁለት እጅ…» አለና ቃሉን አልጨረሰውም። ሁለቱም አንድ ክዳን ላይ ያሳረፉትን እጆቻቸውን አዩ። ማንም እጁን አላነሳም።

«ዋጋውስ?» አለች ቆይታ።

«ከብርማው ይረክሳል።»

«ለምን? ቁመናው እኮ ምንም አይወጣለትም!»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» አላት፣ ላፕቶፑን ሳያይ።

በቀጣዩ እሁድ ሻጩ «ይግላል አይግልም ልይ» ብሎ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። እትዬ ምክንያቱን ሰምተው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ወንበር አቀረቡለት። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ጋሼ ከወዲያ መጣ፤ ውድድሩ ተጀመረ። ወሬውም ተከተለ፦ ስለ እናታቸው፣ ስለ ጋሼ ክፍል፣ እዚያ ስለሚነፍሰው አሸዋ። ኩርባ ላይ መኪናዋን ግንብ ስታስገጥማት ሻጩ ሳቅ አመለጠው።

«ማነው የሳቀው?» አለ ጋሼ።

«እትዬ ናቸው።»

«እኔን አታስገቡኝ!» አሉ እትዬ ከጥግ። «በዚህ በወፍራም ድምፅ ሳልስቅ ነው ያረጀሁት!»

ስክሪኑ ላይ የጋሼ መኪና ቀስ አለች፣ ቀስ አለች፣ መንገድ ዳር ቆመች። ልጅቷም ደርሳ ከጎኑ አቆመች።

«እናታችን ብትኖር የምትጠይቅሽን ልጠይቅሽ» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ማነው?»

ዕድሜ ልኳን ጠያቂ የነበረች ልጅ አሁን መልስ ተፈለገባት። ቀና ብላ ሻጩን አየችው። ፊቱ ቀልቷል፤ ግን አላቀረቀረም፣ ዓይኑን ከዓይኗ አላነሳም።

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

ሌሎቹ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ አለፏቸው። ሁለቱ ወንድምና እህት መንገድ ዳር ቆመው ቀሩ።

«በይ እንግዲህ» አለ ጋሼ፣ «ወደ ስልኩ ጠጋ ይበልና ድምፁን ያሰማኝ።»