ስሙን አትጥሩት

ይሄ በእኛ ቤት የደረሰ ነው። "ፌክ ነው" የምትሉ ሰዎች ከቻነሉ መውጣት ትችላላችሁ፣ በሩ ክፍት ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ... ቅዳሜ... ከቀኑ አስር ሰዓት።

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ፎቁ ላይ። በዚህ ወር እዚህ በአስር ሰዓት ይመሻል።

የልጁን ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ጎረቤታችን ሻንዲን ትባላለች። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ናቫሆ ናት፣ ነጮቹ ሳይመጡ በፊት እዚህ አገር ከነበሩት ሕዝቦች። ገና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሰዓሊ ናት። የምትስለው የአገሯን ሥርዓት ነው። የፈውስ ጸሎት፣ እሳት ዙሪያ የሚጨፍሩ ሰዎች፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የሆነ ክብ ቤት...

ግን ሁሌ አንድ ነገር ታጎድላለች። ወይ ላባ፣ ወይ ቀለም።

"ሰነፍ ነሽ እንዴ?" አልኳት አንዴ።

ሳቀች። "ሙሉ አድርጌ ከሳልኩት ሥዕል መሆኑ ይቀራል።"

ሰባት ዓመት የሆነውን ወንድሟን የምታሳድገው እሷ ነበረች። ልጁ ግን የሚውለው እኛ ቤት ነው። እማ ንፍሮ ስትቀቅል ሽምብራውን እየለቀመ ይበላና ስንዴውን ይተወዋል።

"ይሄ እርግብ!" ትለውና ትስቃለች። እኔ እንደዛ ባደርግ በጥፊ ነበር።

ኅዳር ላይ ሳንባውን ታመመ።

አልተነሳም።

ሻንዲን አሪዞና ወስዳ ቀብራው ተመለሰች። አንድ ዘለላ እንባ አላየንባትም። አርብ ልጠይቃት ስገባ እየሳለች ነበር።

ትልቅ ሸራ... ጨፋሪዎቹ አሸዋ ላይ ተሰልፈው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ዳር ላይ ወደተሳለው በር። ከሁሉም ኋላ አንድ ትንሽ ልጅ አለ። ጀርባውን ሰጥቶናል።

"እሱ ነው?"

"እሽሽ... ስሙን እንዳትጠሪ።"

"ለምን?"

"የሞተ ሰው ስሙን ከሰማ ዞሮ ያያል። ዞሮ ካየ አይሄድም።" በብሩሿ በሩን አሳየችኝ። "እየሸኘሁት ነው። ነገ ይወጣል... ከዛ አለቅሳለሁ።"

ለእማ ነገርኳት።

"ሰው ሞቶ ዝም ይባላል? ከብት ነው እንዴ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሺፍት እንደወጣች ልብሷን እንኳን ሳትቀይር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ በሳህን ይዛ ሄደች። "እማ ተይ..." እያልኩ ተከተልኳት። ማን ሰምቶኝ!

ገና በሩ እንደተከፈተ ደረቷን እየመታች ስሙን ጠራችው። ደጋግማ።

"ልጄ! ወዴት ነው የምትሄደው? ና እንጂ ወደ እናትህ! ና!"

ሻንዲን አማርኛ አትችልም። ስሙን ግን ሰማች።

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ።

"አስቁሚያት..." አለችኝ በሹክሹክታ። "ፕሊስ... አስቁሚያት..."

"እማ በቃ!"

"ዞር በይ አንቺ! ላልቅስለት ልጄን!"

መብራት አልጠፋም። በር አልተንኳኳም። ከታች ባቡሩ ደወሉን እያሰማ አለፈ፣ በቃ።

እኔ ግን ሸራውን አየሁት።

ትንሹ ልጅ ፊት አለው...

እኛን ያያል።

እኛንም አይደለም። እማን።

እሁድ ጠዋት ሻንዲን በራችንን ደበደበችው። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱንም።

"ነይ እዪ! ሄደ!"

እውነቷን ነው። ልጁ ሸራው ላይ የለም። ቦታው ባዶ ነው።

አቀፈችኝ። ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን እንባ ትከሻዬ ላይ አፈሰሰችው።

"ወጣ አይደል? በበሩ ወጣ አይደል?"

እኔ በትከሻዋ በኩል ሥዕሉን እያየሁ ነበር። አሸዋው ላይ ትንንሽ ዱካ አለ... ትናንት አልነበረም።

ወደ ቀኝ አይሄድም። ወደ በሩ አይሄድም።

ወደ ግራ ነው።

በግራ በኩል ያለው ግድግዳ የእኛ ነው።

"አዎ" አልኳት። "ወጥቷል።"

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ቤት ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ ከትናንት የተረፈው ንፍሮ አለ...

ስንዴ ብቻ።

እማ ሶፋው ላይ ተኝታለች። አንድ እጇ ግን አልተኛም። አየር ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል... ይመለሳል... ሶፋው ሥር የተቀመጠ ልጅ ጭንቅላቱ በሚደርስበት ቁመት።

እንደሚዳብስ።

"እማ..."

ዓይኗን አልገለጠችም።

"ዝም በይ... አሁን ነው የተኛው።"

ጠጋ አልኩ። መዳፏ ጥቁር ነው። እርጥብ ቀለም... የልጅ ፀጉር በሚመስል ቀጫጭን መስመር።

እጇ አልቆመም።