የቅዳሜ ሂስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማሽኖች ይቆሙና ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይገባል። እያንዳንዱ ተነስቶ የአንድ ባልደረባውን ጥፋት ማጋለጥ አለበት። ሂስ ይሉታል። ጥፋት አላየሁም ያለ ሰው «ለመሆኑ ከማን ጋር ነህ?» ይባላል፤ ይህን የተጠየቀ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ «ሜትሮ» የሚሉት ጨርቅ ቆራጭ፣ ቁልፍ ከምትተክለው ልጅ ጋር የተግባባው በዚሁ ሂስ ሰበብ ነው። አንድ ቅዳሜ ተራው ደርሶ የሚለው ሲጠፋው ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። በከንፈሯ ብቻ «እኔን በል» አለችው።

«ትናንት አርፍዳ ገብታለች» አለ።

እሷም በተራዋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «እሱም መቀስ ወስዶ አይመልስም» አለች። ሁለቱም በተግሣጽ ታለፉ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረጉት። ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ጎን ለጎን እየሄዱ ጥፋት ይመራረጣሉ።

«ነገ ምን ልበልሽ?»

«ሰነፍ ብቻ እንዳትለኝ፤ እናቴ ከሰማች ታምንሃለች።»

«ወሬ ታበዛለች ብልስ?»

«እሱማ እውነት ነው። ሌላ ፈልግ።»

ሌላው ሰው በሙገሳ ይቀራረባል፤ እነዚህ በክስ ተዋደዱ። ለመጋባት ግን የኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልጋል። ከተፈቀደላቸው ከፋብሪካው ጀርባ አንዲት ክፍል ይሰጣቸዋል። ክፍሏን በመስኮት አይተዋት፣ አልጋው የት እንደሚሆን ሳይቀር ተከራክረውባታል።

ጉዳያቸው ሊወሰን ሲቃረብ እናቷን አመማቸውና ዓርብ ቀደም ብላ ወጣች። ቅዳሜ ሳይመካከሩ ገቡ። ሜትሮ ተነሳ። ትንንሾቹ ጥፋቶች አልቀውበታል። ሲያያት የመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወድላት።

«ስትሠራ ታንጎራጉራለች።»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ቀና አለ። «ምን እያለች?»

ሜትሮ ደነገጠ። «እኔ እንጃ... አባቷ ያንጎራጉሩት የነበረውን ነው።»

አባቷን ሰዎች መጥተው ከወሰዷቸው ወዲህ ስማቸውን በአደባባይ ያነሳ አልነበረም።

«እውነት ነው?» ተባለች።

ሐሰት ነው ብትል ዋሾ የሚባለው እሱ ነው። «እውነት ነው» አለች።

«አንቺስ ስለ እሱ ምን አለሽ?»

ሜትሮ በዓይኑ ለመናት። አንድ ነገር በይ፤ መቀስም ይሁን ክር፣ የመጣልሽን። እሷ ግን ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ «እሱ ላይ ጥፋት አላየሁም» አለች።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰውን እንደሚወድ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ሊቀመንበሩም ሳይገባው አልቀረም።

«ጠረፍ ወዳለው ፋብሪካ ትዛወር። የሚቃወም እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ደረሰባት። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ደግ አደረግህ» አለችው። «እጅህን ብታወጣ ሁለታችንም እንጠፋ ነበር።»

ልክ ነበረች። ይህን ለራሱ እየነገረ ብዙ ዓመት ኖሯል። ግን ሊቀመንበሩ እጅ ሲቆጥር እሷ የማንን እጅ ስትጠብቅ እንደነበር አይቷል።