ለፋሲካ ቀድሞኝ የገባው

ይሄ የሰማሁት አይደለም። የደረሰብኝ ነው።

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በሰማዩ ላይ የነበረውን ደመና ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ሐምሌ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አምቦ፣ አውቶቡስ ተራ።

ከዚያች ሳምንት ወዲህ አምቦን ረግጬ አላውቅም። «ለምን?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ... መልሱ ይኸው።

ስሜ ኤጄታ ጂራ ነው። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ስዊድን አገር፣ ቬስተሮስ በምትባል ከተማ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ፊደል በሚያበራ ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ስህተቱ የት ጋ እንደገባ መስመር በመስመር ወደ ኋላ እየሄድኩ እፈልጋለሁ። ሥራዬ ይሄው ነው።

ሰው አላወራም። የሚያናግረኝም የለም። በብርዱ ወራት ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ለእናቴ ግን የምጽፍላት ሌላ ነበር።

«ሰፊ ቤት ይዣለሁ። መኪና ገዝቻለሁ። ጎረቤቶቼ ይወዱኛል።»

አንዱም እውነት አይደለም። የምኖረው ከመሬት በታች ባለች አንዲት ክፍል ነው። አንድ ዓመት ጭንቀት ጥሎኝ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቻለሁ። እሱንም አልጻፍኩም።

በየደብዳቤው መጨረሻ ደግሞ «ለፋሲካ እመጣለሁ» እላለሁ።

ስምንት ፋሲካ አለፈ።

በዚያ ዘመን አገር ቤት የገባ ሰው ተመልሶ ላይወጣ ይችላል። ፈራሁ። የስዊድን ፓስፖርት ሳገኝ ግን የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ።

ከአውቶቡሱ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ጋሽ ገብረአማኑኤልን ነው። የአባቴ ወዳጅ ናቸው። እዚያው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ልብስ ይሰፋሉ። ሮጬ ልስማቸው ስል፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አዩኝና...

«ኤጄታ፣ ሸሚዙ ጠበበህ እንዴ?» አሉኝ።

«የቱ ሸሚዝ?»

«ማክሰኞ የወሰድከው ነዋ።»

ሳቅሁ። አርጅተዋል፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው አልኩ በልቤ።

ግን በስሜ ነው የጠሩኝ።

መንገድ ላይ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች አለፉኝ። «አካም ጂርታ፣ ኤጄታ» አሉ፣ ሳይቆሙ፣ እንደ ዋዛ።

ስምንት ዓመት የጠፋ ሰው እንዲህ ሰላም አይባልም።

ቤታችን ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ነው። ስደርስ አጥሩ አዲስ ነው። የጣራው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ማን ሠራው? አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እቤት ያሉት እናቴ ወርቅቱና እህቴ ዱሬቲ ብቻ ናቸው።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሻንጣዬን ጥዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። አለቀስኩ።

«ያ ኢልማኮ! ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አለች እየሳቀች። ሻንጣውን አየችው። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«አዮ... መጣሁ እኮ። ከስዊድን መጣሁ።»

«መጥተሃልማ። ለፋሲካ መጥተህ የለ?»

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ።

እጄን ያዘችና ገለበጠችው። መዳፌን ዳሰሰች። የቢሮ እጅ ነው፣ ለስላሳ። ከዚያ ፈጠን ብላ ወደ አጥሩ በር ተመለከተች።

ሰፌዱ ከጭኗ ላይ ተንሸራተተ። ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ዱሬቲ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። አሥር ሰዓት ላይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ገባች። እኔን ስታይ በሩን ይዛ ቀረች። ከዚያ በክንዴ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ።

«አንተ ማነህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ዱሬቲ! ኤጄታ ነኝ።»

«ኤጄታን አሁን ድልድዩ ላይ አልፌው መጣሁ። አካፋ ይዞ... እየመጣ ነው።»

ፓስፖርቴን አወጣሁላት። አገላበጠችው።

«የፋሲካ ዋዜማ ነው የመጣው» አለች። «ያለ ሻንጣ። አዮ በደስታ ልታብድ። አጥሩን ሠራ። ጣራውን ሠራ። ክፉ አይናገርም... ግን...»

«ግን ምን?»

«ስለ ስዊድን ስጠይቀው የሚነግረኝ ደብዳቤህ ላይ ያለውን ነው። ቃል በቃል። ለአዮ የማነብላት እኔ ነኝ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። እዚያ ላይ የሌለ ነገር ከጠየቅሁት ዝም ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን ‹ታመህ ታውቃለህ ወይ?› አልኩት...»

«ምን አለሽ?»

«ፈገግ አለ። እስኪመሽ ድረስ... ፈገግ እንዳለ ቀረ።»

እንደ ሥራዬ ልማድ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ስህተቱ የት ጋ ነው የገባው? የደረስኩት ራሴ የጻፍኩት ደብዳቤ ላይ ነው፤ ይህን ግን ለእህቴ አልነገርኳትም።

በዚህ ጊዜ እናቴ ከደጅ ተጣራች።

«ኤጄታ!»

«አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አቤት፣ አዮ» አለ ሌላ ሰው።

በእኔ ድምፅ።

ዱሬቲ አፌን በእጇ ያዘች። በመጋረጃው ጥግ አጮልቄ አየሁ። ጀርባው ነው የሚታየኝ። አካፋውን አጥሩ ላይ እያስደገፈ ነው። አንገቴን ዘንበል የማደርገው ነገር... ግራ እግሬን ጎተት የማደርገው... ሁሉም አለ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ወጣሁ።

ዞረ።

እኔ ነኝ። ግን ያልታመመ፣ እንቅልፍ ያላጣ፣ ፊቱ የሞላ እኔ። ምንም አልደነገጠም።

«መጣህ?» አለኝ በዝግታ።

ዓይኔን ወደ እናቴ መለስኩ። እሱ ቀጠለ።

«ፈቃድህ ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት... ሳምንት።»

«እኔ አልሄድም» አለ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እሱን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ኤጄታ፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«መንገድ ጠፍቶባቸው ነው» አለ እሱ።

«እንግዲያው ልሸኛቸው። ይምጡ ጌታዬ፣ ዝናብ ሳይዝዎት።»

የገዛ እናቴ አንቱ አለችኝ።

ሻንጣዬን አንስቼ ተከተልኳት። የአጥሩ በር ጋ ስንደርስ መቀርቀሪያውን ለመክፈት ጎንበስ አለች። ፊቷን ሳታዞር፣

«ሂድ ልጄ» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። «አውቄሃለሁ። ሂድ።»

«አዮ፣ አብረን እንሂድ...»

«ቀስ በል! ዱሬቲን ይዟታል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ደጃፉ ላይ ቆሟል። እጁ የእህቴ ትከሻ ላይ ነው።

ወጣሁ። አዎ፣ ትቻቸው ወጣሁ። በዚህ ነገር ስንት ዓመት ራሴን እንደረገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በዝናቡ እየሮጥኩ ጋሽ ገብረአማኑኤል ሱቅ ደረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

አልሳቁም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ሦስት ሸሚዝ ሰፍቼለታለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፣ ኤጄታ። ደረት ስትለካ ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሜትሩ ሳብ ይላል። የሱ ግን... አይሳብም። አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናትህ ስትስቅ አየኋታ። አባትህ ከሞተ ጀምሮ ስቃ አታውቅም። እንዴት ብዬ ልናገር?»

እሳቸው ጋ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ሄድን። ዱሬቲን በሥራ ሰበብ ይዘናት እንውጣ፣ ከዚያ ለእናቴ እንመለስላታለን ብለን ተማክረናል።

የአጥሩን በር አንኳኳሁ። የከፈተችው ዱሬቲ ናት።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

እንደ እናቴ እያስመሰለች ነው ብዬ ምልክት ጠበቅሁ። በዓይኗ... በእጇ... ምንም። ዓይኗ ውስጥ እኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ገብረአማኑኤል እንደ ምንም ሰላምታ ጀመሩ። ስለ ዝናቡ ጠየቋት። ስለ ጤና ጣቢያው ጠየቋት። እሷም በትሕትና ትመልሳለች።

እኔ ከትከሻዋ በላይ ግቢውን አየሁ።

እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ፊቷ ተንበርክኮ እግሯን ያጥባታል። በአንዲት ትንሽ ጣሳ ውሃ ያፈስላታል።

አጠገቡ ባልዲ የለም። ጣሳውን ሲሞላ አላየሁትም። ጣሳውን አንዴም ቀና አላደረገም...

እኛ እያወራን ነው። ውሃው ይወርዳል። ጋሽ ገብረአማኑኤል ወሬ አለቀባቸው። ውሃው ይወርዳል።

መሬቱ ላይ ተኛ። ግቢውን ሞላው። ቀስ ብሎ በበሩ ሥር አለፈና ጫማዬን ነካው።

ሞቃት ነበር።

እናቴ ከውሃው መሀል ሆና፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ራሷን ወደ መንገዱ ነቀነቀች፤ «ሂድ» ማለቷ ነው።