በግንቦት የተተመነ በቆሎ

ዳይሰን ናንኩኒ የሞተው ምሳ ላይ ነው፤ በቲዮሎ የሻይ እርሻ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ የቦሎቄ ወጡን ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሙያው አንድ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ እንደ ሰው ለመኖር በወር ስንት እንደሚያስፈልገው ማስላት ነበር። ገበያ ዞሮ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቤት ገብቶ ምን እንደሚበላ ይመዘግባል።

ኢንስፔክተር አሊናፌ ንኩዋዚ ሳህኑን አሸተተች። የተባይ መድኃኒት ነው። አብረውት አሳ የበሉት ሥራ አስኪያጁ ጎማኒና የሠራተኞቹ ተወካይ ማሳውኮ ግን ደህና ናቸው።

ወጥ ቤቷ ኤኔሌስ ጣቷን በጎማኒ ላይ ቀሰረች።

«ጠዋት ‹ይህን ከምከፍል እርሻውን እዘጋለሁ!› እያሉ ሲጮሁበት ሰምቻለሁ።»

«አዎ፣ ጮኼያለሁ» አለ ጎማኒ። «አዲሱን ስሌት ለእኔ ብቻ ነው ያሳየኝ። በዚያው ቀን የምገድለው ሞኝ ነኝ እንዴ?»

«እኔ ሰውየውን ከትናንት በፊት አይቼው አላውቅም» አለ ማሳውኮ። «ለእኛ የመጣን ሰው ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

አሊናፌ ወደ ኤኔሌስ ዞረች። «ለእሱ ብቻ ቦሎቄ የሠራሽው ለምንድን ነው?»

«አሳ አይስማማውም ብሎ ማሳውኮ ስለነገረኝ ነዋ፤ ሳህኑንም ያደረሰለት ራሱ ነው። እንግዳውም ሲቀርብለት ‹ማን ነገራችሁ?› ብሎ ሳቀ።»

አሊናፌ የሟቹን ቦርሳ ስትፈትሽ ቆየችና ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«አሳ እንደማይበላ ለኤኔሌስ የነገራት ማሳውኮ ነው፤ ሳህኑንም ያደረሰው እሱ ነው። ትናንት የተዋወቀው ሰው ይህን ከየት አወቀ?» አንድ አሮጌ መዝገብ ገለጠች። «የዛሬ አራት ዓመት፣ ግንቦት። የማሳውኮ ቤት። ‹አሳ አቀረቡልኝ፤ ሰውነቴን ስለሚያሳብጠኝ አልበላሁም፤ አፈርኩ።›»

ማሳውኮ አልካደም።

«አዎ፣ በግንቦት መጣ። አዝመራው ገብቶ በቆሎ እንደ አፈር በረከሰበት! በዚያ ዋጋ አስልቶ ‹ይበቃቸዋል› ብሎ ጻፈ፤ ደመወዛችንም በዚያው ተወሰነ። በየካቲት ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። ልጄን የቀበርኩት በየካቲት ነው። ትናንት ሲጨብጠኝ አላወቀኝም እንኳ! እጁን ስለቀው ልገድለው ወስኜ ነበር።»

«ከመወሰንህ በፊት አዲሱን ስሌት አይተኸዋል?»

«ምኑን አያለሁ? ያው ነው!»

አሊናፌ ወረቀቱን ገፋችለት። በቆሎው የተተመነው በየካቲት ዋጋ ነበር። ከግርጌው ናንኩኒ በእጁ ጽፏል፦ ‹የቀድሞው ስሌት ስህተቱ የእኔ ነው።› በዚህ ስሌት የሠራተኞቹ ደመወዝ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

ማሳውኮ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ ልጄን ይመልሳል?» አለ። ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ፈርሞበታል?»

«ከምሳ በኋላ እፈርማለሁ ብሎኝ ነበር» አለ ጎማኒ፤ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ያልተፈረመ ወረቀት ደግሞ እኔን አያስገድደኝም።»

«ምነው ማሳውኮ» አለች ኤኔሌስ እያለቀሰች፣ «ምናለ አንዴ እንኳ ብትጠይቀው!»