ዳዶ ወደ ደዶ

«ይሄ ምንድነው?»

«ዳዶ ነዋ!»

«አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አጥባቂ ነው።»

ለይኩን የመለዋወጫ ስም እንዲያስተካክል ከአዲስ አበባ ተልኮ ጅማ የገባ ቀን ያናገረኝ እንዲህ ብሎ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ! ያን ጊዜ የቡና መፈልፈያ መለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ብሎን ጫፍ ላይ የምትጠብቀዋን ብረት ይዞ አፍንጫዬ ሥር ያወዛውዛታል።

«ከአባቴ ጀምሮ ዳዶ ስንላት ኖረናል። ብሎኑ ወልቆ ያውቃል ወይ፣ እስቲ ይንገሩኝ?»

«ጓድ ወይንሸት፣ የሊሙ ጣቢያ ቺንጋ የሚለውን የአጋሮው ቀበቶ ይለዋል። በዚህ ዓይነት የሚታዘዘው ሌላ፣ የሚደርሰው ሌላ! አንድ ዕቃ አንድ ስም፣ አንድ ስም አንድ ዕቃ። አለቀ!»

ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አጥባቂው» አልኩት፤ ግቢው በሙሉ ተቀበለኝ። እሱ መደርደሪያዬ ላይ አዲስ ስም ሲለጥፍ እኔ ስገነጥል፣ አይጥና ድመት ሆንን። ዓይኑን ላፈር አልኩ! መልኩ ማማሩ ደግሞ የባሰ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ለአጋሮ ስልክ ደውዬ እጮሃለሁ፤ «ዳዶ በሉ! አጥባቂ የሚባል ዕቃ እኔ ዘንድ የለም!» ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ከሰማህ ጥሩ!»

እርስዎ ማለት የቀረው ያን ቀን ነው።

ቡና በደረሰበት ሰሞን የአጋሮው መፈልፈያ ዳዶው ረግፎ ቆመ። እኔ ምሳ ወጥቼ ስለነበር ስልኩን ያነሳው አለቃችን ካድሬው ገበየሁ ነው። መስመሩ ይንጫጫል። «ዳዶ! ቶሎ!» ሲሉት «ደዶ» ብሎ ሰማ፤ የደዶ ወረዳው ጣቢያ የጠራው መሰለው። ሹፌራችንን ቲጃኒን ያገኘውን መለዋወጫ አስጭኖ ወደ ደዶ ላከው። አጋሮ ወዲያ፣ ደዶ ወዲህ! አጋሮ ዕቃ ሲጠብቅ ውጭ የተሰጣው ቡና ዝናብ መታው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ገበየሁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳ።

«ይሄ አሻጥር ነው! ጣቢያዎቹ አጥባቂ ቢሉ ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር? አዲሱን ስም እንዳይቀበሉ ያሳመፀቻቸው ይቺ ናት!»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የታሰረ መቼ እንደሚወጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

«ጓድ ለይኩን፣ ይቺ ዳዶ በሉ ስትል ሰምተሃል?» አለው ገበየሁ።

አለቀልኝ አልኩ። ለይኩን አየኝ...

«አልሰማሁም» አለ። «ዳዶ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አዲሱ ስም ገና አልጸደቀም።»

ደጅ ተከትዬው ወጣሁ። እንባዬ ይወርዳል።

«ማን ዋሽልኝ አለህ!»

«አንቺ ልጅ፣ ምስጋና የሚባል አታውቂም?»

«አላውቅም! ቢያስሩህስ?»

«ቢያስሩኝ ምን ገደደሽ?»

«ገደደኝ!»

ቃሉ አመለጠኝ።

አላሰሩትም። ገበየሁ ግን «እንግዲያውስ ደዶ ሂድና ብሎን ፍታ!» ብሎ ወደ አሮጌው መፈልፈያ አዛወረው። ሳንሰናበት ሄደ። የገነጠልኳቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ለቅሜ መልሼ ለጠፍኳቸው። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ! ወድጄዋለሁ፣ ምን ላድርግ?

ብዙ ቆይቶ ስልክ ጮኸ።

«ግምጃ ቤት ነው?»

ድምፁ! ለይኩን ነው።

«ነው። ምን ፈለግህ?»

«ዳዶ ጎድሎኛል።»

«እኛ ዘንድ ዳዶ አይባልም። አጥባቂ ነው!»

ሲስቅ ሰማሁት።

«ስንት ይላክ?» አልኩ፣ እንደ ቁጣ አድርጌ።

«አንዲት ብቻ... ተቆጪዋን። አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ እሺ ብለዋል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ሳትጠይቀኝ? ማን አዞህ!»

«ይኸው ጠየቅሁሽ። ወይንሸትዬ፣ ትመጫለሽ?»

መልስ ሳልሰጠው ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ቲጃኒ መኪናውን ሊያስነሳ ነበር።

«ቲጃኒ፣ ደዶ አድርሰኝ!»

«ማል ጎና! ምን ይሻለናል? ወላሂ ደግመን እንዳንሳሳት፤ ዳዶ ነው ያልሽው፣ ደዶ?»

«ዳዶ... ወደ ደዶ!» አልኩትና ገቢና ገባሁ።